ፊልም ልማር ላለችኝ ልጄ፦ ከመፈረምሽ በፊት

ልጄ፣ ፊልም መማር መፈለግሽን አልቃወምም። እዚህ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ የምንኖር ሐበሾች ልጆቻችን ነርስ፣ ፋርማሲስት ወይም የኮምፒዩተር ባለሙያ እንዲሆኑልን እንመኛለን፤ የፊልም ነገር ሲነሳ ቤቱ ይታወካል። አባትሽ ሌሊቱን ታክሲ ላይ፣ እናትሽ ቅዳሜና እሑድን ነርሲንግ ሆም ውስጥ የሚያሳልፉት አንቺ እንዳትቸገሪ ብለው ነው። «ምን ልትበይ ነው?» ብለው ሲጠይቁሽ አትቀየሚያቸው። ጥያቄው ትክክል ነው፤ መልስም አለው። «እወደዋለሁ» ማለት ብቻ ግን መልስ አይሆንም።

በየዓመቱ የኮሌጅ ደብዳቤ በሚገባበት ሰሞን ከሰፈራችን ወላጆችና ልጆች ጋር ተቀምጬ ወረቀቱን መስመር በመስመር አነባለሁ። የምነግርሽም ከዚያ ያየሁትን ነው። ለፊልም ትምህርት የምትበደሪው ገንዘብ ኋላ ምን ዓይነት ፊልም መሥራት እንደምትችዪ ይወስናል። ዕዳ የያዘው ሰው የመጣለትን ሥራ ሁሉ ይቀበላል፤ የራሱን ታሪክ የሚጽፍበት ስድስት ወር አያገኝም። ምክሬ ሁሉ ከዚህ የሚነሳ ነው።

1. ስጦታውንና ብድሩን ለይተሽ አንብቢ።

የፋይናንሻል ኤይድ ደብዳቤ ከላይ እንኳን ደስ ያለሽ ይላል፤ ከታች ያለው ዝርዝር ደግሞ ሁሉም እርዳታ ይመስላል። እርሳስ ያዢና በአንድ በኩል የማይመለሰውን፣ በሌላ በኩል የሚመለሰውን ጻፊ። ስኮላርሺፕና ግራንት አይመለሱም። ወርክ ስተዲ ሠርተሽ የምታገኚው ደመወዝ ነው፤ ሥራውን ካላገኘሽ ገንዘቡም የለም። ሎን የሚል ቃል ያለበት መስመር በሙሉ ዕዳ ነው።

በምሳሌ እንየው። የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲና የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በፊልም ትምህርት ስማቸው የገነነ ነው። የሁለቱም የአንድ ዓመት ሙሉ ወጪ፣ ማደሪያና ምግብ ተጨምሮ፣ ከ90 ሺህ ዶላር በላይ ነው። እንበልና እንዲህ ያለ ትምህርት ቤት የ94,000 ዶላር ሒሳብ ላከልሽ፤ 30,000 ዶላር ስኮላርሺፕም ሰጠሽ። የወላጆችሽ ገቢ ዝቅተኛ በመሆኑ ከፌዴራል መንግሥት ከፍተኛውን የፔል ግራንት፣ 7,395 ዶላር፣ አገኘሽ። 56,605 ቀረ። ግቢ ውስጥ ሠርተሽ 3,000 ብታመጪ 53,605 ይቀራል። ዋጋው በዓመት በዓመቱ ባይጨምር እንኳ የአራት ዓመቱ ጎደሎ 214,420 ዶላር ነው።

ከዚህ ውስጥ በራስሽ ስም ከመንግሥት መበደር የምትችዪው በመጀመሪያው ዓመት 5,500፣ በሁለተኛው 6,500፣ በሦስተኛውና በአራተኛው 7,500 ነው። ሲደመር 27,000። ቀሪው 187,420 ዶላር ከየት ይመጣል? ደብዳቤው ይህን አይጠይቅሽም፤ መጠየቅ ያለብሽ አንቺ ነሽ።

2. ማን እንደሚፈርም እወቂ።

የቀረው ገንዘብ የሚመጣው ከሁለት ቦታ ነው። አንደኛው ፓረንት ፕላስ የሚባለው፣ በአባትሽ ወይም በእናትሽ ስም የሚወሰድ የመንግሥት ብድር ነው። በጁላይ 2025 በወጣው ሕግ መሠረት ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ አዲስ የሚበደሩ ወላጆች ለአንድ ልጅ በዓመት ከ20,000፣ በጠቅላላው ከ65,000 ዶላር በላይ መውሰድ አይችሉም። በ2025-26 የትምህርት ዓመት የዚህ ብድር ወለድ 8.94 በመቶ ነው። የምትማሪው አንቺ፣ ባለዕዳዎቹ እነሱ። ብትመረቂም፣ ብታገቢም፣ ሀብታም ብትሆኚም መንግሥት ብድሩን ከእነሱ ስም ወደ አንቺ ስም አያዛውረውም።

ሁለተኛው የባንክ ብድር ነው። በምሳሌያችን ወላጆችሽ 65,000ውን ሙሉ ቢወስዱ እንኳ 122,420 ዶላር ለባንክ ይቀራል። ለአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ብቻዋን ይህን ያህል የሚያበድር ባንክ የለም፤ ኮሳይን የሚያደርግላት፣ ማለትም አብሯት የሚፈርም ሰው ይጠየቃል። አብዛኛውን ጊዜ አባት ነው፤ እሱ ክሬዲቱ ካልበቃ አጎት ወይም የክርስትና አባት ይለመናል። ኮሳይን ያደረገው ሰው ልክ እንደ አንቺ ተጠያቂ ነው፤ መክፈል ሲያቅትሽ ክሬዲቱ ይበላሻል፣ ሊከሰስም ይችላል። በስምሽ የወሰድሽው የመንግሥት ብድር ገቢሽ ሲያንስ ወርሃዊ ክፍያውም የሚቀንስበት አሠራር አለው። ባንኩ ግን ሥራ አገኘሽም አላገኘሽም ያንኑ ይጠብቃል። በዚህ ምክንያት የተኳረፉ፣ በበዓል እንኳ መጠያየቅ የተዉ ዘመዳሞች አውቃለሁ።

ወርሃዊውን አስቢው። ዕዳው በአሥር ዓመት እንዲያልቅ፣ የባንኩ ወለድም 10 በመቶ ቢሆን፣ ለባንክ ወደ 1,620፣ ለወላጆችሽ ብድር ወደ 820፣ ለራስሽ ብድር ወደ 305 ዶላር ይመጣል። በወር ከ2,700 ዶላር በላይ ማለት ነው፤ ያውም ተማሪ ሳለሽ የሚጠራቀመው ወለድ ሳይታሰብ። በዚህ ገንዘብ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ባለ አንድ መኝታ አፓርታማ ተከራይቶ ለአስቤዛም ይተርፋል።

ቤተሰብሽ የገዛው ቤት ካለ፣ ያንን ቤት አስይዞ ለፊልም ትምህርት መበደርን በምንም ምክንያት አልደግፍም። ከአንቺ ኋላ ሁለት ወንድሞች አሉሽ፤ እነሱም ይማራሉ።

3. ገቢ ሲነገርሽ የማን ገቢ እንደሆነ ጠይቂ።

የአሜሪካ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ በ2023 የፕሮዲዩሰሮችንና የዳይሬክተሮችን መካከለኛ ዓመታዊ ደመወዝ 82,510 ዶላር ብሎ አስፍሯል። ደስ የሚል ቁጥር ነው። ነገር ግን እዚያ ውስጥ የቴሌቪዥን ዜና ፕሮዲዩሰሩም የማስታወቂያ ድርጅት ሠራተኛውም አለ። ከዚህም በላይ የተቆጠሩት ተቀጥረው ደመወዝ የሚከፈላቸው ናቸው። በግላቸው የሚሠሩት፣ ሥራ ያጡት፣ ሙያውን ትተው ሌላ ነገር የያዙት አልገቡበትም፤ ከፊልም ትምህርት ቤት የወጡ ልጆች ደግሞ በብዛት ያሉት እነዚያ ውስጥ ነው።

ሌላ ቁጥር ልስጥሽ። ዎል ስትሪት ጆርናል በጁላይ 2021 የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲን የፊልም ማስተርስ ተመራቂዎች መርምሮ ነበር። የፌዴራል ብድር ከወሰዱት መካከል መካከለኛው ዕዳ 181,000 ዶላር ሆኖ ተገኘ። ከተመረቁ ከሁለት ዓመት በኋላ ግማሾቹ በዓመት ከ30,000 ዶላር በታች ነበር የሚያገኙት። ኮሎምቢያ ትንሽ ትምህርት ቤት አይደለም። ስሙ ተመራቂዎቹን ከዕዳ አላዳናቸውም።

ስለዚህ ኮሌጅ ስኮርካርድ የሚባለውን የፌዴራል መንግሥት ድረ ገጽ ክፈቺ። የዩኒቨርሲቲውን አጠቃላይ አማካይ ተዪው፤ እሱ ውስጥ ኢንጂነሩም የባንክ ሠራተኛውም ተደባልቀዋል። ወደ ትምህርት ዘርፎች ውረጂና የፊልሙን መስመር ፈልጊ። ተመራቂዎቹ ስንት ተበድረው ወጡ? ከጥቂት ዓመታት በኋላ ስንት ያገኛሉ? ልትማሪባቸው የምታስቢያቸውን ትምህርት ቤቶች በዚህ አወዳድሪ። ይህንን የማየቱ ነገር ከእንግዲህ ለአንቺ ብቻ የቀረ ጉዳይም አይደለም፤ ቅድም ያነሳሁት አዲሱ ሕግ ተመራቂዎቹ ሃይስኩል ብቻ ከጨረሱት ሰዎች ያነሰ የሚያገኙበትን የትምህርት ዘርፍ ከፌዴራል ብድር ያስወጣዋል። አራት ዓመት የምትማሪበት ዘርፍ ከብድሩ ለመውጣት የቀረበ እንደሆነ ከመግባትሽ በፊት እወቂ።

የእኔን ልክ ትጠይቂኝ ይሆናል። ለመጀመሪያ ዲግሪ ዕዳሽ በሙሉ በራስሽ ስም ከመንግሥት ከምትወስጂው 27,000 አይለፍ። ይህን ያህሉን ከፊልም ውጭ በሆነ ተራ ሥራም ቢሆን ትከፍዪዋለሽ። ከዚያ ያለፈው ሁሉ ፊልሙ ገንዘብ ያመጣል ብሎ መወራረድ ነው።

4. የፊልም ዳይሬክተሩ ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ የሄዱበትን መንገድ በደንብ አጥኚው።

የእኛ ልጆች ፊልም ልማር ሲሉ የሚጠቅሱት እሳቸውን ነው፤ ደግ አደረጉ። የሚጠቅሱት ግን ሽልማቱን ነው። እኔ ደግሞ ሒሳቡን እንድታዪ እፈልጋለሁ።

ጎንደር ተወልደው በ1960ዎቹ መጨረሻ አሜሪካ መጡ፤ ቺካጎ ቴአትር ጀምረው ወደ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሎስ አንጀለስ ተዛወሩ። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ነው፤ የዚያን ጊዜ ክፍያውም ከዛሬው ጋር የሚነጻጸር አልነበረም። እዚያ አብረዋቸው ከሚማሩት ከነቻርልስ በርኔትና ከነጁሊ ዳሽ ጋር አንዱ ለሌላው ካሜራ እየያዘ፣ አንዱ የሌላውን ፊልም እየቆረጠ ሠሩ። «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የተባለው ፊልማቸው በ1976 ወጣ። ከ1975 ጀምሮ ደግሞ እዚህ ዋሽንግተን ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ያዙ፤ እንጀራቸው እሱ ነበር። የወር ደመወዝ ስላላቸው ፊልማቸውን ለማንም ስቱዲዮ ፈቃድ ማስገዛት አላስፈለጋቸውም።

«ሳንኮፋ» የተባለው ፊልማቸው በ1993 በርሊን ፌስቲቫል ላይ ለውድድር ቀረበ፤ አሜሪካ ውስጥ ግን የሚያከፋፍለው ኩባንያ አልተገኘም። እሳቸውና ባለቤታቸው ሽሪኪያና አይና ሲኒማ ቤት እየተከራዩ፣ በየከተማው ያለውን ሕዝብ እያስተባበሩ ራሳቸው አሳዩት። ጆርጂያ አቬኑ ላይ፣ ከሃዋርድ ፊት ለፊት ያለው የሳንኮፋ መጻሕፍት ቤት የዚያ ልፋት ልጅ ነው፤ ሄደሽ ተቀመጪበት። ሌላው ፊልማቸው «ጤዛ» ገንዘቡ እስኪሞላ ከአሥር ዓመት በላይ ጠብቋል። በ2008 ቬኒስ ፌስቲቫል ላይ የዳኞች ልዩ ሽልማትንና የምርጥ የፊልም ጽሑፍ ሽልማትን፣ በ2009 ዋጋዱጉ በፌስፓኮ ፌስቲቫል ታላቁን ሽልማት ወሰደ።

አሁን አስቢው። በወር 2,700 ዶላር የሚጠበቅበት ሰው ለአንድ ፊልም አሥር ዓመት መጠበቅ ይችላል? አከፋፋይ እምቢ ሲለው ሲኒማ ቤት ይከራያል? የፕሮፌሰር ኃይሌ ችሎታ የራሳቸው ነው፤ ትዕግሥቱን ግን የቻሉት ዝቅተኛ ወጪና ቋሚ ደመወዝ ስለነበራቸው ነው።

5. ትምህርት ቤቱ በትክክል ምን እንደሚሸጥልሽ ለዪ።

ካሜራ ለመማር 94,000 ዶላር አያስፈልግም። ዳይሬክተሩ ሾን ቤከር «ታንጀሪን» የተባለውን ፊልም በአይፎን 5ኤስ ቀርጾ በ2015 ሰንዳንስ ፌስቲቫል ላይ አሳይቷል። ዳቪንቺ ሪዞልቭ የሚባለው የኤዲቲንግና የከለር ሶፍትዌር ነፃ እትም አለው፤ ትልልቅ ፊልሞች የሚሠሩበት ያው ፕሮግራም ነው። እውነቱን ለመናገር ግን ቤከር ራሱ የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራቂ ነው። ጥሩ ትምህርት ቤት የሚሰጠው ሰው ነው፤ ዛሬ ከጎንሽ የተቀመጠችው ልጅ ነገ ፕሮዲዩሰር ትሆናለች፣ ስልክሽንም ታነሳለች።

«ድፍረት»ን የሠራው ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ በደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ነው የተማረው፤ ፊልሙ በ2014 ሰንዳንስ ላይ የተመልካቾችን ሽልማት አገኘ። ያሬድ ዘለቀ በኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተምሮ «ላምብ»ን በ2015 ለካን ፌስቲቫል አበቃ፤ ከኢትዮጵያ በካን ይፋዊ ምርጫ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው ፊልም ነው። የትምህርት ቤቱ ስም በር አይከፍትም ብዬ አልዋሽሽም፤ ይከፍታል። በሌላ በኩል ዳይሬክተሯ ኤቫ ዱቨርኔይ ፊልም ትምህርት ቤት አልገባችም። የፊልም ማስተዋወቅ ሥራ ላይ ቆይታ በ2010 የመጀመሪያውን ረጅም የልብ ወለድ ፊልሟን በ50,000 ዶላር አካባቢ ሠራች፤ በ2012 በሰንዳንስ የዳይሬክተርነት ሽልማት ወሰደች። በ2021 «ሳንኮፋ»ን ለአዲስ ትውልድ ኔትፍሊክስ ላይ ያወጣው የእሷ ድርጅት ነው። አምሳ ሺህ ዶላር ከአንድ ዓመት ጎደሎሽ ያንሳል።

ትምህርት ቤት ስትጎበኚ ስቱዲዮውን አይተሽ አትመለሺ፤ ጠይቂ። የመመረቂያ ፊልሙን ወጪ የሚሸፍነው ማን ነው? በብዙ ቦታ ተማሪው ነው፤ ለተዋናይና ለቀረጻ ቡድን ምግብ፣ ለመኪና፣ ለቦታ ኪራይ የሚወጣው ከትምህርት ክፍያው ላይ ተጨማሪ ነው። የተሠራው ፊልም መብት የማን ነው? አንዳንድ ትምህርት ቤት ለራሱ ይይዘዋል። ዳይሬክት የማድረግ ዕድል ለሁሉም ተማሪ ይደርሳል ወይስ ተመርጠው ለሚሰጣቸው ብቻ?

6. ኮሚዩኒቲ ኮሌጅን አትናቂ።

ሐበሻ ዘንድ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ መግባት እንደ መውደቅ ይቆጠራል። ይህ አስተሳሰብ ቤተሰቦቻችንን ብዙ ገንዘብ አስከፍሏል። ሞንትጎመሪ ኮሌጅም ሆነ የሰሜን ቨርጂኒያው ኖቫ ለአካባቢው ነዋሪ የአንድ ዓመት ክፍያቸው ከ6,000 ዶላር ብዙ አይርቅም። ሙሉ ፔል ግራንት ካገኘሽ ክፍያው ተሸፍኖ ለመጽሐፍና ለአውቶቡስ ይተርፍሻል። እቤት ታድሪያለሽ፣ የእናትሽን እንጀራ ትበያለሽ። ሁለት ዓመት በዜሮ ዕዳ።

ከዚያ ትራንስፈር ነው። ቨርጂኒያ የምትኖሪ ከሆነ ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ የፊልምና ቪዲዮ ትምህርት አለው፤ ለነዋሪ ክፍያው በዓመት ወደ 14,000 ዶላር ነው። ኖቫና ሜሰን አድቫንስ የሚባል የጋራ ፕሮግራም ስላላቸው የሚቆጠርልሽን ኮርስ ከመጀመሪያው ታውቂያለሽ። ሜሪላንድ ላይ ታውሰን ዩኒቨርሲቲ አለ። ከፔል በኋላ የሜሰን የሁለት ዓመት ጎደሎ ወደ 13,000 ዶላር ይመጣል፤ በራስሽ ስም በምትወስጂው የመንግሥት ብድር ይሸፈናል፣ ማንም ኮሳይን ማድረግ አያስፈልገውም። ይህንን ከ214,420 ጎን አስቀምጪው።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። የተግባር ኮርሶች ሁልጊዜ አይተላለፉም። ካሜራ ወይም ኤዲቲንግ ከመመዝገብሽ በፊት የምትዛወሪበትን ዩኒቨርሲቲ አማካሪ በኢሜይል ጠይቂ፤ መልሱንም አስቀምጪ።

7. ከፊልም ውስጥ ሰው የሚከፍልበትን አንድ እጅ ሥራ ያዢ።

ሁሉም ዳይሬክተር መሆን ይፈልጋል። ሳውንድ የሚይዝ ግን ጠፍቶ ይፈለጋል። የእኛን ሠርግ ተመልከቺ። ሽማግሌው ለምርቃት ሲነሱ ማይክ ጋቢያቸው ውስጥ ይሰካላቸዋል፤ ጋቢውን ባስተካከሉ ቁጥር የጨርቁ ኮሽታ ድምፃቸውን ይውጠዋል፣ ቪዲዮው ላይ ምርቃቱ አይሰማም። ሥራውን የሚያውቅ ልጅ ማይኩን ከጋቢው እጥፋት ውጭ ያያይዘዋል፤ ሁለተኛ መቅጃ አበባው አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣል፤ እንግዳ ሳይገባ በፊት የባዶውን አዳራሽ ድምፅ ለግማሽ ደቂቃ ይቀዳል፣ ኤዲተሩ ክፍተቱን እንዲሞላበት። ቤተሰቡ ይህን አያውቀውም፤ የሚያውቀው የአባታቸው ምርቃት ጥርት ብሎ መሰማቱን ነው፤ ለሚቀጥለው ሠርግም የሚደውሉት ለዚያ ልጅ ነው።

ዋሽንግተን አካባቢ ዓለም አቀፍ ድርጅቱ፣ ማኅበሩ፣ ሆስፒታሉ፣ ዩኒቨርሲቲው ሁሉ ቪዲዮ ያሠራል። ሆሊውድ አይደለም፤ ኪራይ ግን ይከፍላል። ሳውንድ፣ ኤዲቲንግ፣ ከለር ወይም የፕሮዳክሽን ሒሳብ አያያዝ፤ ከእነዚህ አንዱን ከመመረቅሽ በፊት ሰው ከፍሎ እስኪያሠራሽ ድረስ ልመጂ።

8. ሥራው የት እንዳለ ተከታተዪ፤ ቦታ ይቀያይራልና።

ጆርጂያ በ2008 ባወጣችው ሕግ ፊልም ለሚቀርጹ ኩባንያዎች ከወጪያቸው እስከ 30 በመቶ ታክስ ክሬዲት ሰጠች፤ አትላንታ በስቱዲዮ ተሞላች። ግዛቲቱ ለቀረጻ ሠራተኞች አጭር ሥልጠና የሚሰጥ የጆርጂያ ፊልም አካዳሚ አቋቋመች። አትላንታ ወይም ክላርክስተን አክስት ያላት ልጅ እዚያ ሄዳ በትንሽ ወጪ ሙያ ልትይዝ ትችላለች። ይሁንና በ2023 የሆሊውድ ጸሐፊዎች 148 ቀን፣ ተዋናዮች 118 ቀን አድማ መቱ፤ ከዚያ በኋላ ሥራው እንደ ድሮው አልተመለሰም። ማርቬል ስቱዲዮ ትልልቅ ቀረጻዎቹን ከአትላንታ ወደ እንግሊዝ ወሰደ። ካሊፎርኒያ በበኩሏ በ2025 የራሷን ዓመታዊ የታክስ ክሬዲት ከ330 ወደ 750 ሚሊዮን ዶላር አሳደገች። ስቱዲዮው የሚሄደው የታክስ ሕጉ ወደተመቸው ነው። ዕዳ የሌለባት ልጅ ሻንጣዋን ይዛ ትከተላለች።

9. ሥራ የሌለበትን ወር ከአሁኑ አስቢው።

ጀማሪ ፕሮዳክሽን አሲስታንት ለአሥራ ሁለት ሰዓት ቀን 200 ዶላር አካባቢ ይከፈለዋል። ሃያ ቀን ከተሠራ ደህና ነው፤ የሚሠራው ግን ስድስት ቀን የሆነበት ወር አለ። በወላጆችሽ የጤና ኢንሹራንስ ውስጥ እስከ 26 ዓመትሽ መቆየት እንደምትችዪ እወቂ፤ የመጀመሪያዎቹን የፍሪላንስ ዓመታት የሚያሻግርሽ እሱ ነው። ታክስ ሳይቆረጥልሽ በ1099 ቅጽ የምትሠሪ ከሆነ ከእያንዳንዱ ቼክ ላይ ለታክስ የሚሆነውን ወዲያው አንስተሽ ለብቻው አስቀምጪ።

ዳይሬክተሩ አንግ ሊ ከኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመርቆ ስድስት ዓመት ያህል የሚሠራው ፊልም ሳያገኝ እቤት ተቀምጦ ልጅ አሳድጓል። ባለቤቱ በሳይንስ ሙያዋ ቤቱን ይዛ ቆየች፤ እሱም ይጽፍ ነበር። ኋላ ሁለት ጊዜ የምርጥ ዳይሬክተር ኦስካር ወሰደ። ያንቺን ስድስት ዓመት ማን ይሸከመዋል? መልስ ከሌለሽ ከፊልሙ ጋር ሌላ እንጀራ የሚሆን ነገር አብረሽ ተማሪ፤ ሒሳብ አያያዝ፣ መምህርነት፣ ምንም ይሁን።

10. ማስተርስ ሲባል አትቸኩዪ።

ማስተርሱ የሚያስፈልግበት አንድ ግልጽ ምክንያት አለ፤ ዩኒቨርሲቲ ለማስተማር። ፕሮፌሰር ኃይሌም ሆኑ በዌልስሊ ኮሌጅ ያስተማሩት ፕሮፌሰር ሳሌም መኩሪያ ፊልማቸውን የሠሩት ከመምህርነት ጋር ነው። ከጁላይ 2026 ጀምሮ ግን ለአዲስ የማስተርስ ተማሪ የፌዴራል ብድር በዓመት ከ20,500፣ በጠቅላላው ከ100,000 ዶላር አያልፍም፤ ሌላውን ባንክ ነው የሚያበድረው። ስለዚህ ማስተርስ ሙሉ ወይም ወደ ሙሉ የቀረበ ስኮላርሺፕ ሲገኝ ብቻ ነው። እንዲህ ያለም ቦታ አለ፤ የዬል የድራማ ትምህርት ቤት በ2021 ባገኘው የ150 ሚሊዮን ዶላር ስጦታ ለተማሪዎቹ ሁሉ የትምህርት ክፍያን አስቀርቷል። ጽሑፍ፣ ሳውንድ ወይም ትወና ለምትፈልግ ልጅ ይህን የመሰለ ቦታ መሞከር ነው።

11. በዚህ ክረምት አንድ አጭር ፊልም ጨርሺ።

ጀምሪ አላልኩሽም፤ ጨርሺ። ስምንት ደቂቃ ይሁን፤ ጽፈሽ፣ ቀርጸሽ፣ ቆርጠሽ፣ ድምፁን አስተካክለሽ ለማታውቂው ሰው አሳዪ። በየዓመቱ ሲልቨር ስፕሪንግ ኤኤፍአይ ሲልቨር ሲኒማ ቤት የአፍሪካ አዳዲስ ፊልሞች ፌስቲቫል ይካሄዳል፤ ገብተሽ እዪ፣ ዳይሬክተሮቹን ፊልማቸውን በምን ገንዘብ እንደሠሩ ጠይቂያቸው። አሥረኛውን ሰዓት ኤዲቲንግ ላይ ተቀምጠሽ አሁንም ደስ ካለሽ ሙያው ያንቺ ነው። ካልሆነም በርካሽ ዋጋ አወቅሽው።

12. ይሄኛው ለወላጆችሽ ነው፤ አንብቢላቸው።

ወንድሜ፣ እኅቴ፣ ልጅቷን አትከልክሏት፤ ከልክላችሁ ነርሲንግ ብታስገቧት በሁለተኛው ዓመት ትተዋለች፣ ያም ገንዘብ ነው። ከኦክቶበር ጀምሮ ፋፍሳ የሚባለውን የፌዴራል የትምህርት እርዳታ ማመልከቻ በጊዜ ሙሉ፤ ገቢያችንን ለምን እንናገራለን ብላችሁ ያዘገያችሁት ቅጽ ስንት ሺህ ዶላር ግራንት ያስቀራል። ፍቅራችሁን ግን በፊርማ አታሳዩ። ያልገባችሁን ወረቀት ልጃችሁ ብታለቅስም አትፈርሙ።

ልጄ፣ ሜይ 1 ለመወሰኛ የተሰጠሽ ቀን ነው። እስከዚያ ለፋይናንሻል ኤይድ ቢሮው ደብዳቤ ጻፊ፤ የአባትሽ ገቢ መቀነሱን በማስረጃ አሳዪ፣ ሌላው ትምህርት ቤት የሰጠሽን አያይዢ፣ እንዲጨምሩልሽ በትሕትና ጠይቂ። ብዙ ሰው ይህን መጠየቅ እንደሚቻል አያውቅም። ጨምረውልሽ ዕዳሽ በራስሽ ስም ከሚወሰደው ልክ ካላለፈ ሂጂ፤ ሻንጣሽን የማሥርልሽ እኔ ነኝ። ካልጨመሩ አትፈርሚ፤ ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ምዝገባው ክፍት ነው።